መታጠቢያ ቤቱ ሳያልቅ

አባዬ የወደቀ ዕለት እማዬ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ምስር እየለቀመች ነበር። መጋቢት ነው፣ ሁዳዴ ጾም። የመውደቁን ድምፅ ስትሰማ መጀመሪያ ከጎረቤት የመጣ ነው የመሰላት። ያን ሰሞን ለልማት በሚነሣው ካዛንቺስ ውስጥ የማይፈርስ፣ የማይጫንና ከመኪና የማይወረወር ነገር ስላልነበረ ጆሯችን ለምዶታል። ቀጥሎ ግን አባዬ «ተናኜ» ብሎ ሲጠራት ሰማች። አልጮኸም። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር፤ በሠላሳ ስምንት ዓመት የማስተማር ዘመኑ ክፍል ውስጥ ጮኾ አያውቅም ይባላል።

ሮጣ ሄደች። የመታጠቢያ ቤቱ በር ወደ ውስጥ ነበር የሚከፈተው። አባዬ ከባኞው ሲወጣ አዳልጦት፣ በሩን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። በሩን ገፋ ስታደርግ አቃሰተና ወዲያው ተወችው።

«ሰው ልጥራ፣ ፍቅሬ።»

«አትጥሪ። ልብስ አልለበስኩም።»

«ፎጣውን አትደርስበትም?»

«አልደርስበትም። ትንሽ ቆይ፣ እነሣለሁ።»

አልተነሣም። እማዬ ከበሩ ወዲህ፣ እሱ ከበሩ ወዲያ፣ አርባ ደቂቃ ቆዩ። በመጨረሻ እሱ «አትጥሪ» ማለቱንም ሲያቆም፣ ጎረቤታችን እትዬ ሎሚ ጋ ሮጣ ባሏን አመጣችው። የበሩን የላይኛውን ጣውላ በመዶሻ ሰብሮ፣ በቀዳዳው ፎጣ ወርውሮለት፣ እጁን አስገብቶ ትከሻውን ቀስ በቀስ ገፍቶ ከበሩ አራቀው። እኔ ደምበል አካባቢ ካለው መሥሪያ ቤቴ እስክደርስ አምቡላንሱ ሄዷል። ወጥ ቤት ገብቼ ያየሁት ግማሹ የተለቀመ ምስር ብቻ ነው።

ዳሌው ተሰብሮ ነበር። በቀዶ ሕክምና ብረት ገባለትና ዳነ። ሐኪሙ፣ ወጣት ነው፣ እኔንና እማዬን ኮሪደር ላይ አቁሞ በጣቱ እየቆጠረ ነገረን። ከእንግዲህ እግሩን ከፍ አድርጎ ምንም ነገር መሻገር የለበትም። ሽንት ቤቱ ከፍ ያለ መቀመጫ ይኑረው። ግድግዳው ላይ የሚይዘው ብረት ይግባለት። ወለሉ የሚያዳልጥ እንዳይሆን። «ቤታችሁ ባኞ አለ?» አለ።

«አለ» አለች እማዬ።

«እንግዲህ ከባኞው ጋር ተሰነባበቱ።»

ስለ እማዬ ይቺን ልበል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ መዝገብ ቤት ነው የሠራችው። በእጇ አንድም ፋይል ጠፍቶ አያውቅም፤ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሊጠፋ ነው ብላ ስትጨነቅ ኖራለች። ከቤት ስንወጣ የጋዙን ምድጃ አይታ፣ በሩን ቆልፋ፣ ታክሲ ጋ ከደረስን በኋላ ተመልሳ የምታይ ሴት ናት። እኔና ወንድሜ ኢያቄም ልጆች ሆነን እንስቅባት ነበር። እሱ አሁን ሐዋሳ ነው የሚሠራው። አባዬ ግን ስቆባት አያውቅም። ተመልሳ እስክትመጣ ታክሲውን «አንዴ» እያለ ያስቆምላት ነበር።

ባኞውን አያቴ ናቸው ያስገቡት፣ በ1951 ዓ.ም. ቤቱ ሲሠራ፤ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን ገዝተውት። የብረት ነው፣ ጠርዙ ጉልበት ድረስ ይመጣል፣ ነጩ ቀለም ከሥሩ ተልጦ ዝጎ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ሁለት ሜትር በአንድ ተኩል ቢሆን ነው። ባኞው ግማሹን ይይዘዋል፣ በቀረው ላይ ሽንት ቤቱና ላቫንዲኖው ተጣበው ተቀምጠዋል። አባዬ ልጅ ሆኖ የታጠበው እዚያ ነው፣ እኔም እንደዚያው።

እማዬ ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ነገሩን ስታነሣበት አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ነገ ለሚፈርስ ቤት ሲሚንቶ አታባክኑ» አለ። «ከኋላችን ያለው መስመር በሙሉ ተነሥቷል። እኛስ ስንት ጊዜ ነው የቀረን?»

«አናውቅም እኮ።»

«አናውቅምና አትንኩት።»

እማዬ «እሺ» አለች። ከሆስፒታሉ ወጥተን አስፋልቱን ሳንሻገር ክንዴን ያዘች። «ቅድስት፣ ቧንቧ ሠራተኛ ፈልጊልኝ። ለአባትሽ እንዳትነግሪው።» በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቅ ሴት ናት።

ደጋጋን ያገኘሁት ቄራ የሕንፃ መሣሪያ ከምትሸጥ ጓደኛዬ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ቧንቧም ይሠራል፣ ሴራሚክም ይለጥፋል። ሐሙስ ቀን መጣ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ተንበርክኮ ወለሉን በመዶሻው እጀታ ኳ፣ ኳ ያደርግና ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል። ባኞው አጠገብ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አለች እማዬ። «ባለቤቴ የዛሬ አሥራ አንድ ቀን፣ ሰኞ ነው የሚወጣው።»

«ወለሉ ደህና ከሆነ ስድስት ቀን።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ...» አለና መዶሻውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሳይጨርሰው ሄደ። እማዬ ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር አትችልም። ያን ቀን ስንት ጊዜ «ካልሆነማ ምን ሊል ነበር?» እንዳለችኝ እግዜር ይወቀው።

ዓርብ ጠዋት ደጋጋና አጋዡ ገቢሳ ባኞውን በትልቅ መዶሻ መስበር ጀመሩ። እንደ ደወል ነበር የሚጮኸው። እማዬ በየምቱ ትከሻዋ ይሰበሰባል፤ አባዬ ከሆስፒታል ሆኖ የሚሰማት ይመስል «ቀስ በሉ እባካችሁ» ትላለች። አራት ቁራጭ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እኔና እማዬ ሄደን ብናይ ባኞው የነበረበት ቦታ ወለሉ ወደ ውስጥ ወርዷል፣ ከሥሩ ጥቁር እርጥብ አፈር፣ ሽታው አይወራ። ገቢሳ አንድ ብረት ዘንግ ሰደደበት። ክንዱ እስኪጠፋ ገባለት።

«የሸክላ ቧንቧ ነበር» አለ ደጋጋ። «ተሰብሯል። ውሃው ስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ ከቤቱ ሥር ነው የሚፈሰው።» መዳፉን ከመኝታ ቤቱ በሚያዋስነው ግድግዳ ላይ አሳረፈ። «ይኸው፣ እስከዚህ ጠጥቷል።» ጉልበቱ ድረስ ነበር።

«ቤቱ ይወድቃል?» አለች እማዬ።

«ዛሬ አይወድቅም፣ እትዬ።»

ዛሬ የምትለዋን ቃል ይዛ ቀረች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በኮሪደሩ ስታልፍ በእግሯ ጣቶች ነበር የምትራመደው፣ ቤቱን ላለመቀስቀስ እንደሚጠነቀቅ ሰው። አልጋቸውን ከእርጥቡ ግድግዳ አስነቅላ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። እኔ ከመሥሪያ ቤት የዓመት ፈቃድ ወስጄ እሷ ጋ ገባሁ፤ ለብቻዋ ብተዋት የማታስበው ነገር የለም። ሽንት በመጣን ቁጥር እትዬ ሎሚ ጋ እንሄዳለን። እትዬ ሎሚ ደግ ናት፣ ነገር ግን እሷም ተነሺ ስለሆነች ዕቃዋን ግማሹን በማዳበሪያ ጠቅልላ ኮሪደሩ ላይ ደርድራው ስለነበር በሄድን ቁጥር እማዬን ያማት ነበር።

ሰኞ ደጋጋ ከውጪ በኩል ቆፈረ። ከመታጠቢያ ቤቱ መስኮት በታች ያለው ትልቅ ጽድ ሥሩን ቧንቧው ውስጥ ሰድዶ፣ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ሞልቶታል። ማክሰኞ ከዛፉ አርቆ በዙሪያው አዲስ የፕላስቲክ ቧንቧ ዘረጋ። እማዬ ቦዩ ውስጥ ገብታ ቆማ አንድ በአንድ ጠየቀችው፦ ቁልቁለቱ ስንት ነው፣ መጋጠሚያው በምን ተያዘ፣ ይኼኛው ቢደፈን በየት ይከፈታል። ሌላ ሰው ቢሆን ይሰለች ነበር። ደጋጋ ሁሉንም መለሰላት፤ ውሃ ልኩን ቧንቧው ላይ አስቀምጦ ቁልቁለቱን የምትናገረውን አረፋ አሳያት። ያን ሳምንት ፊቷ ትንሽ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከሰዓት ስልኳ ጮኸ። ከሆስፒታል ነው። አልጋ ስለሚያስፈልግ፣ ታካሚውም ደህና ስለሆነ፣ ሐሙስ እንድንወስደው ነው። እማዬ «እሺ» አለች፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች፣ ስልኩን ዘጋች፣ ከዚያ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ለምን እሺ አልሽ?» አልኳት።

«ምን ልበል? መታጠቢያ ቤቱን አፍርሼዋለሁ ልበል?»

ደጋጋ ከቦዩ ውስጥ ሆኖ አሰላ። ነገ ረቡዕ ጉድጓዱን በድንጋይ ሞልተን ኮንክሪት እናፈስሳለን፤ ከዚያ ሳይደርቅ አይነካም፤ ሴራሚኩ ቢፈጥን ቅዳሜ ይጀመራል። ሐሙስ ግን ሐሙስ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ግቢው ውስጥ አሸዋና ጠጠር ተከምሯል፣ ገቢሳ ሲሚንቶውን በአካፋ ማገላበጥ ጀምሯል፣ ውሃም ጨምሮበታል። የውጪው በር ተንኳኳ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሜትር ይዟል፣ አንዱ ደብተር፣ አንዱ ስልኩን እያየ ነው። አጥሩን ለኩት። ከአጥሩ እስከ ቤቱ ጥግ ለኩት። የቤት ቁጥር ጠየቁ፣ ስንት ሰው እንደሚኖር ጠየቁ። ጨዋ ልጆች ናቸው።

«ለምንድነው ልጆቼ?» አለች እማዬ። ጫማዋ ላይ ሲሚንቶ አለ።

«ለመረጃ ነው፣ እናቴ።»

«ለምን መረጃ?»

«እኛ እንለካለን፣ በቃ። ውሳኔው የሚመጣው ከበላይ ነው።» ደብተር የያዘው ልጅ የሚቦካውን ሲሚንቶ አየና ደብተሩን አጠፈ። ወደ ቀጣዩ ቤት ሄዱ።

እማዬ የቀለም ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሏል። «በቃ እናቁመው» አልኳት። «ማለቴ፣ ምን ዋጋ አለው? አባዬ ትክክል ነበር።»

«የት ነው የማስገባው?»

«እኔ ጋ...» ብዬ አቆምኩ። እኔ ያለሁት ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። እሷም ታውቃለች። ሐዋሳ ድረስ ደግሞ በዚያ ዳሌ የሚታሰብ አይደለም። ደጋጋ ከውስጥ ወጣ።

«እትዬ፣ ሲሚንቶው አይጠብቅም» አለ።

«ሰዎቹን አይተዋቸዋል?»

«አይቻቸዋለሁ።»

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «እኔ ስለዚያ የማውቀው የለም፣ እትዬ። ሰፈሩ ዘንድሮ ይነሣ፣ የዛሬ አምስት ዓመት ይነሣ፣ አላውቅም። ሰውዬው ነገ እንደሚመጣ ግን አውቃለሁ።»

እማዬ ገቢሳን አየችው። አካፋውን ተደግፎ ይጠብቃል። የተቦካው ሲሚንቶ ዳር ዳሩ መንጣት ጀምሯል። እንዲህ ዓይነት ነገር በሕይወቷ ብቻዋን ወስና አታውቅም፤ ሁልጊዜ ከአባዬ ጋር ነበር፣ ወይ አለቃዋ ይፈርምባት ነበር። ከባልዲው ተነሣች።

«አፍስሱት» አለች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ስታለቅስ ሰምቻታለሁ፤ አልገባሁም።

ሐሙስ አባዬን በጓደኛዬ መኪና አመጣነው፣ የፊት ወንበሩን ወደኋላ አጋድመን። እማዬ ከኋላ ተቀምጣ ከሆስፒታሉ በር እስከ ኦሎምፒያ ድረስ ልትነግረው አፏን እየከፈተች ትዘጋለች። መብራት ላይ ስንቆም ነገረችው፤ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ፤ ባኞው፣ ጉድጓዱ፣ የዛፉ ሥር፣ ለኪዎቹ፣ ኮንክሪቱ። አባዬ በመስኮት ወደ ውጪ እያየ ሰማት።

ቤት ገብቶ፣ ሆስፒታሉ በሰጠው ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ፣ በዎከሩ እየተጎተተ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመና እርጥቡን ወለል አየው።

«እሺ ብለሽኝ ነበር» አላት።

«ብዬህ ነበር።»

አልጋው ላይ አስተኛነው። ሆስፒታሉ ለሽንቱ ፖፖ እንድንገዛ መክሮን ነበር፤ እማዬ ከአልጋው ሥር ነጭ ጨርቅ አልብሳ አስቀምጣለታለች። አየውና ዓይኑን ዘጋ።

ሐሙስ እንደዚህ አለፈ። ዓርብ ቁርሱን ጥቂት ቀመሰ፣ ምሳውን ገፋ። ያመዋል ብለን ነበር። ዓርብ ከሰዓት እማዬ ወጥ ቤት መጥታ የውሃ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይኼን ጠዋት ነው የቀዳሁለት» አለች። «ተመልከች፣ ልኩ ላይ ነው። የትናንቱንም እንደዚሁ ሙሉውን ነው የመለስኩት።»

«ላይጠማው ይችላል።»

«ከንፈሩን አላየሽውም? ሽንቱን ሸሽቶ ነው።» ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። «ኩላሊቱ ቢቆምስ? በዚህ ዕድሜ... በእኔ ምክንያት...» ዓረፍተ ነገሩን እሷም አልጨረሰችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ሊቀመጥ ሲል አዞረው፤ ዓይኑ ጭልም ብሎበት መልሰን አስተኛነው። ለዶክተሩ ልደውል ስልኬን ሳወጣ እማዬ «ቆይ» አለችኝ። በብርጭቆ ሙሉ ውሃ ቀድታ ገባችና በሩን ገርበብ አደረገችው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። መስማት አልነበረብኝም፣ ግን ሰማሁ።

«ፍቅሬ፣ ውሃውን ጠጣ።»

«አልጠማኝም።»

«ሁለት ቀን ሙሉ አልጠማህም?»

ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ሰማሁ።

«ፖፖውን ፈርተህ ነው።»

«ተናኜ፣ ተይኝ።»

«አልተውህም። የፈለግከውን ያህል ተቆጣኝ፣ ቤቱን ያለ ፈቃድህ አፍርሻለሁ፣ ተቆጣኝ። ይኼን ግን አልተውህም።» «ያን ቀን በሩ ላይ አርባ ደቂቃ ቆሜያለሁ። መሐል ላይ መልስ መስጠት ያቆምክበት ጊዜ አለ። ታስታውሳለህ?»

«ራሴን ስቼ ይሆናል።»

«እኔ ግን አልሳትኩም። ሞቷል ብዬ ነው የቆምኩት። እንዳልጠራ እሺ ብዬህ፣ እንዳታፍርብኝ፣ ራቁትህን ሰው እንዳያይህ ብዬ፣ ሞቷል እያልኩ ቆሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ጋደም ስል የሚመጣብኝ እሱ ነው። እሺ ባልልህ ኖሮ፣ ወዲያው ብጠራ ኖሮ። አንተ ከእኔ የምትደብቀው ገላ የለህም፣ ፍቅሬ። አርባ ሁለት ዓመት ሆነን እኮ!»

ከዚያ አባዬ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቅድስት አለች?» አለ።

«ቅድስት ሱቅ ልትሄድ ነው» አለች እማዬ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። የምገዛው ነገር አልነበረኝም። በእግሬ ኦሎምፒያ ድረስ ሄጄ አንድ ካፌ ገባሁ፣ ያላሰኘኝን ማኪያቶ አዝዤ ሲቀዘቅዝ አየሁት። ስልኬን በየደቂቃው አነሣለሁ። አንድ ሰዓት ቆይቼ ተመለስኩ። ወጥ ቤት ትሪው ላይ ሁለት ባዶ ብርጭቆ አለ። እማዬ ፖፖውን በሳሙና አጥባ ፀሐይ ላይ ደፍታዋለች፤ አጥሩ ሥር ቆማ ልብስ ታሰጣለች።

ደጋጋ የሆነውን በግማሽ ሰምቶ ኖሮ ሥራውን ገለበጠው። ሴራሚኩን ከግድግዳ መጀመር ትቶ መጀመሪያ ሽንት ቤቱ የሚቀመጥበትን ጥግ ብቻ ለጠፈ፤ ማክሰኞ መቀመጫውን ተከለ፣ ሁለት የብረት መያዣም በግራና በቀኝ በድሪል አሠረለት። ገቢሳ ሁለት እጁን አንዱ ላይ አንጠልጥሎ እግሩን ከመሬት አንሥቶ ሞከረው። እማዬ አላመነችም። እሷም ያዘችውና በሙሉ ክብደቷ ጎተተችው፣ ቀኙንም፣ ግራውንም፣ እንደገና ቀኙን።

በሩ ወደ ውጪ እንዲከፈት ተደርጎ ተሰቅሏል። አባዬ በዎከሩ ከአልጋው አሥራ አንድ እርምጃ ሄዶ ደረሰ፤ እማዬ ከኋላው እጇን ዘርግታ፣ ሳትነካው። በሩን ከፍቶ ውስጡን አየ፣ ከዚያ የበሩን ጠርዝ በጣቱ ዳበሰ።

«መቆለፊያውስ?»

«አላስገባሁም።»

«ሰው ቢመጣስ?»

«ያንኳኳል።»

ተፋጠጡ። እኔ ሳሎን ሆኜ አያቸዋለሁ። ያን ጊዜ ቢመለስና አልጋው ላይ ቢተኛ ዳግም የሚነሣ አልመሰለኝም ነበር።

«እንግዲያው ከበሩ ራቂ» አለ።

«ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ።»

«ጀርባሽን አዙሪ።»

ወንበር አምጥታ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ገባ። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ፣ ፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ እያየች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየኋት፤ ጸሎት ይሁን ቁጥር አላውቅም። በየመሐሉ ወደ ኋላ ልትዞር ትልና ትተወዋለች። ውሃው ሲለቀቅ ሰማን። ከዚያ አዲሱ ቧንቧ ውስጥ ሲወርድ፣ ያለ ጉርጉርታ፣ ወደ ውጪ ሲሄድ ሰማን። አባዬ ብቻውን ከፍቶ ወጣ። ግንባሩ ላይ ላብ አለ። «ከፍታው ደህና ነው» ብቻ አለና ወደ አልጋው ጉዞውን ጀመረ። እማዬ ወንበሩን አንሥታ ተከተለችው።

ሴራሚኩ በፋሲካ ዋዜማ ሳምንት አለቀ። የማያዳልጥ ግራጫ ወለል፣ ነጭ ግድግዳ። ጠርዝ የለውም፣ ደፍ የለውም፤ ውሃው በዝግታ ወደ ጥግ ይሰበሰባል። እትዬ ሎሚ የመጨረሻ ዕቃዋን ከመጫኗ በፊት መጥታ አይታ፣ መያዣውን ዳበሰችና «እኔም እንዲህ ያለ ባሠራ» አለች። ከዚያ ከእማዬ ጋር ተቃቅፈው በሩ ላይ አለቀሱ። የእኛን ቤት በተመለከተ ከለኪዎቹ ወዲህ የሰማነው ነገር የለም። እማዬ ወረዳ ሄዳ ሁለት ጊዜ ጠይቃለች፣ ሁለቴም ጠብቁ ተብላለች። በር ሲንኳኳ አሁንም ትደነግጣለች፣ እኔም እደነግጣለሁ። መፍትሔ የለውም፤ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።

አባዬ መጀመሪያ ገላውን የታጠበ ቀን ማክሰኞ ነበር፤ ውሃ የምትመጣልን ማክሰኞና ዓርብ ነው፣ ሮቶውም ሞልቷል። ብቻውን እንዲታጠብ አልተፈቀደለትም። የፕላስቲክ ወንበር ገባለት፣ እማዬ እጅጌዋን ሰብስባ ሻወሩን ያዘች፣ በሩ ገርበብ አለ። እኔ ሳሎን ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ ስትፈራ ይሰማኛል፤ «ያዝ፣ ብረቱን ያዝ፣ እንዳትነሣ፣ ሳሙናውን ተወው እኔ ላንሣው።» ከዚያ ድምጿ እየረጋ ሄደ። ውሃው ብቻ ነበር የሚሰማው።

«ይኼ ሁሉ ውሃ በየት ነው የሚወጣው?» አለ አባዬ ድንገት።

«በዚያ ጥግ ይገባል» አለች እማዬ። «ከዚያ በመስኮቱ ሥር ይወጣና ጽዱን ይዞረዋል፤ ሦስት ሜትር ላይ መክፈቻ አለው፣ ቢደፈን በእሱ ነው የሚጠረገው። ከዚያ በአጥሩ ጥግ ቁልቁል። ቁልቁለቱ በሜትር ሁለት ሳንቲ ነው። እኔ ቆሜ ነው የተለካው።»

«በሜትር ሁለት ሳንቲ» አለ አባዬ፣ የተማሪ መልስ እንደሚያርም ሰው እያሰበበት። «ይበቃል?»

«ይበቃል።»

ብረቱን ያዘና «ጀርባዬን» አላት። «ውሃውንም ትንሽ ሞቅ አድርጊው።»